ታይትል ፎር ምንድን ነው?

አሜሪካ ውስጥ ልጁ ዘንድሮ ኮሌጅ የሚገባለት ሐበሻ ሁሉ «ፋፍሳ ሞላችሁ?» መባሉ አይቀርም። ፋፍሳ ግን የኮሌጅ ገንዘብ ድጋፍ መጠየቂያ ቅጽ ብቻ ነው። ገንዘቡን የሚፈቅደው የ1965ቱ የከፍተኛ ትምህርት ሕግ ነው። የሕጉ አራተኛ ክፍል፣ ታይትል ፎር፣ የተማሪዎችን የገንዘብ ድጋፍ የያዘው ክፍል ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።)

ሕጉን የፈረሙት ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን የቴክሳስ ገጠር ልጅ ናቸው። ፊደል የቆጠሩት ባለ አንድ ክፍል ትምህርት ቤት ውስጥ ነው። ትልቁም ትንሹም እዚያችው ክፍል ይማራል። በኋላ ሳን ማርከስ ያለው የመምህራን ኮሌጅ ገብተው ወለል እየጠረጉ ተማሩ። ገንዘብ ሲያጥራቸው ትምህርቱን አቋርጠው፣ በ1928 ኮቱላ የምትባል ትንሽ ከተማ ወርደው የድሃ ሜክሲኳውያንን ልጆች አስተማሩ። ልጆቹ ብዙ ጊዜ ቁርስ ሳይቀምሱ ክፍል ይገቡ እንደነበር፣ ከ37 ዓመት በኋላ ኮንግረስ ፊት ቆመው ተናግረዋል።

በ1965 ሁለት የትምህርት ሕግ ፈረሙ። ኤፕሪል ላይ የፈረሙት የድሃ ልጆች ለሚበዙባቸው ትምህርት ቤቶች የፌዴራል ገንዘብ የሚመድብ ነው። ፊርማው የተካሄደው በልጅነት ትምህርት ቤታቸው ደጅ ነበር፤ የመጀመሪያ አስተማሪያቸው ኬት ሎኒ አጠገባቸው ተቀምጠዋል። ፖለቲከኛ አይደሉ? ቦታ መምረጥ ያውቁበታል። ኖቬምበር 8 ደግሞ ሳን ማርከስ ተመልሰው የከፍተኛ ትምህርት ሕጉን ፈረሙ። ከእንግዲህ ማንም ተማሪ ቤተሰቡ ድሃ ስለሆነ ከኮሌጅ ደጅ አይመለስም አሉ።

ታይትል ፎር ገንዘቡን በሦስት መንገድ ይሰጣል፦ በእርዳታ፣ በሥራና በብድር። ሥራው «ወርክ ስተዲ» ነው፤ ተማሪው ላይብረሪም ሆነ ቢሮ ጥቂት ሰዓት እየሠራ ይከፈለዋል። ጆንሰን መጥረጊያ ይዘው የተማሩበት መንገድ ማለት ነው። ከእርዳታው ዋናው ዛሬ «ፔል ግራንት» የሚባለው ሲሆን፣ በ1972 ተጨምሮ በ1980 በሮድ አይላንዱ ሴናተር በክሌይቦርን ፔል ስም ተሰየመ። ፔል እንኳ የሀብታም ቤት ልጅ ነበሩ። በ2024/25 የትምህርት ዘመን ጣሪያው 7,395 ዶላር ነበር። ብዙ ይመስላል። ግን በ1970ዎቹ አጋማሽ የአንድ መንግሥታዊ ኮሌጅን የዓመት ወጪ ሦስት አራተኛ ያህል ይሸፍን ነበር፤ ዛሬ ሲሶውንም አይሞላ። የቀረውን ብድር ነው የሚሞላው። ለእኔ የጆንሰን ቃል የተሸረሸረው እዚህ ላይ ነው።

ዜጋ መሆን ግዴታ አይደለም። በዲቪ የመጣ ባለ ግሪን ካርድም፣ ስደተኛነቱ የጸደቀለትም ማመልከት ይችላል። በተማሪ ቪዛ ያለና የጥገኝነት ጉዳዩ ገና ያልተወሰነለት ግን አይካተቱም።

ኮሌጁ ስለ ገንዘብ ድጋፉ የሚልከውን ደብዳቤ ረጋ ብሎ ማንበብ ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ እርዳታውም ብድሩም አንድ ላይ ተደምሮ ከታች ደለብ ያለ ቁጥር ይጻፋል። ወላጅ ያንን አይቶ «ልጄ በነጻ ሊማር ነው» ብሎ እልል ይላል። እያንዳንዱን መስመር ለየብቻ እዩት። «ግራንት» የሚለው በመደበኛው አይመለስም። «ሎን» የሚለው ዕዳ ነው። «ሰብሲዳይዝድ» ከሆነ ልጁ እየተማረ ሳለ ወለዱን መንግሥት ይከፍላል፤ «አንሰብሲዳይዝድ» ከሆነ ወለዱ ገንዘቡ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ይቆጥራል። «ፓረንት ፕላስ» ካለ ደግሞ ተበዳሪው ወላጁ ራሱ ነው። ሁሉንም መቀበል ግዴታ የለም፤ ብድሩን ትቶ፣ ወይም ቀንሶ፣ ግራንቱን መውሰድ ይቻላል።