የተማሪዎች የሙዚየምና የቅርስ ጉብኝት፦ ከየት ተነሣ? እንዴትስ ይሠራል?

ተማሪዎችን በአካባቢያቸው ወዳለ ሙዚየም ወይም ቅርስ ወስዶ በዓይናቸው እያዩ እንዲማሩ ማድረግ ዛሬ በብዙ አገሮች የትምህርት አካል ሆኗል። ሙዚየም ሲባል ግን ትልቁና ዝነኛው ብቻ አይደለም። የአንድ ከተማ ታሪክ የተቀመጠበት ባለ ሁለት ክፍል ቤት፣ አሮጌ የባቡር ጣቢያ፣ የፈረሰ ግንብ፣ የድሮ መቃብር፣ ድልድይ፣ ሁሉም እዚህ ውስጥ ይገባሉ። እንዲያውም ለልጆች ትንሹና ቅርቡ ብዙ ጊዜ ይሻላል ባይ ነኝ። ቅርብ ስለሆነ ተመልሰው መሄድ ይችላሉ። አንዴ ታይቶ የቀረ ቦታና ደጋግመው የሚያዩት ቦታ ለልጅ እኩል አያስተምሩም።

ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጉብኝት ትምህርት ሆኖ የተቆጠረበት ጊዜ

የመጀመሪያዎቹ የሕዝብ ሙዚየሞች ልጆችን አስበው አልተከፈቱም። በኦክስፎርድ የሚገኘው አሽሞሊያን በ1683፣ የፓሪሱ ሉቭር ደግሞ በ1793 ለሕዝብ በራቸውን ሲከፍቱ በሐሳባቸው የነበረው አዋቂ ጎብኚ ነው። ነገሩ መለወጥ የጀመረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ነው። በፋብሪካ ከተማዋ ማንቸስተር ቶማስ ሆርስፎል የተባለ ሰው የሠራተኛው ልጆች ሥዕልና የተፈጥሮ ነገር የሚያዩበት ሙዚየም አቋቁሞ ነበር። በዚህ ብቻ አልተመለሰም። መንግሥትን ወተወተ። በ1895 የእንግሊዝ የትምህርት ደንብ ተሻሻለና በመምህር የሚመራ የሙዚየም ጉብኝት ከትምህርት ሰዓት እንዲቆጠር ተፈቀደ። የወረቀት ለውጥ ትመስላለች። ግን በትምህርት ቤት ውስጥ የሠራ ሰው ዋጋዋን ያውቃል። ሰዓቱ ካልተቆጠረ ማንም ርዕሰ መምህር ልጆቹን አይለቅም።

በ1899 ለልጆች ተብሎ የተቋቋመው የመጀመሪያው ሙዚየም በኒውዮርክ ብሩክሊን ተከፈተ። ሌላዋ የአሜሪካ ከተማ ሴንት ሉዊስ ደግሞ ሌላ መንገድ መረጠች። ከተማዋ በ1904 ያስተናገደችው ዓለም አቀፍ ትርኢት ሲያበቃ ከተረፉት ዕቃዎች በ1905 የትምህርት ቤቶች ሙዚየም ተቋቋመ። ይህ ሙዚየም ልጆች እስኪመጡ አልጠበቀም። ዕቃዎቹን በሣጥን አሽጎ በፈረስ ጋሪ ወደየትምህርት ቤቱ ይልክ ነበር። ዛሬም ዕቃና ቅጂ በሣጥን አድርገው ለመምህራን የሚያውሱ ሙዚየሞች አሉ። መኪና ለማይገባበት ወይም የጉዞ ገንዘብ ለሌለው ትምህርት ቤት ትልቅ እፎይታ ነው።

ልጆች ራሳቸው ያገኟቸው ቅርሶች

ልጅ ስለ ቅርስ ምን ይገባዋል የሚል ሰው ካለ ሁለት ዋሻዎችን ማስታወስ ይበቃል። በ1879 በሰሜን ስፔን ማርሴሊኖ ሳንዝ ዴ ሳውቱኦላ አልታሚራ በተባለው ዋሻ የጥንት ሰዎችን መሣሪያ እየፈለገ ነበር። ዓይኑ መሬት መሬት ያያል። አብራው የነበረችው የ8 ዓመት ልጁ ማሪያ ግን ቀና ብላ ጣሪያውን አየች። ጣሪያው ቢሰን በሚባሉት የዱር ከብቶች ሥዕል ተሞልቷል። አባቷ ግኝቱን ይፋ ሲያደርግ የዘመኑ ሊቃውንት አላመኑትም፤ የማጭበርበር ስም ወጣለት። ሥዕሎቹ እውነተኛ መሆናቸው ሰፊ ተቀባይነት ያገኘው በ1902 ሲሆን እሱ ያን ቀን ሳያይ በ1888 አርፏል።

በመስከረም 1940 ደግሞ በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ አራት ወጣቶች የላስኮን ዋሻ አገኙ። ከእነሱ ትልቁ ማርሴል ራቪዳ ገና 18 ዓመቱ ነበር። ዋሻው በኋላ ለጎብኚ ሲከፈት ሕዝብ ጎረፈ። የሰዉ ትንፋሽ፣ ሙቀቱና መብራቱ ግድግዳው ላይ አረንጓዴ ነገር አበቀሉ። በሺዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት ሳይነካ የኖረ ሥዕል በጥቂት ዓመታት ውስጥ አደጋ ላይ ወደቀ። በ1963 ዋሻው ተዘጋ። አሁን ሕዝብ የሚያየው ቅጂውን ነው፤ የመጀመሪያው ቅጂ የተከፈተው በ1983 ነው። ይህን ታሪክ ለተማሪዎች መንገር ግድግዳ ላይ "መንካት ክልክል ነው" ብሎ ከመለጠፍ በጣም ይሻላል። ምክንያቱን ያወቀ ልጅ እጁን ራሱ ይሰበስባል።

አንድ ዕቃ፣ ሃያ ደቂቃ

ብዙ ጉብኝት የሚበላሸው ብዙ ለማሳየት ሲሞከር ነው። ስልሳ ተማሪ በአንድ አስጎብኚ እየተመራ አሥር ክፍል በአንድ ሰዓት ያልፋል። ፊት ያሉት ይሰማሉ። ከኋላ ያሉት ይገፋፋሉ፣ ያወራሉ። የሁሉም ዓይን አዋጅ ይሆንበታል። ሲመለሱ ምን አያችሁ ተብለው ቢጠየቁ መልሳቸው "ብዙ ነገር" ነው። ድካሙም አለ። የቦስተን የጥበብ ሙዚየም ባልደረባ የነበረው ቤንጃሚን ጊልማን በ1916 ስለ ሙዚየም ድካም ሲጽፍ፣ በመጥፎ ቁመት የተቀመጠን ዕቃ ለማየት ጎብኚው እንዴት እንደሚጎብጥና እንደሚዝል በፎቶግራፍ አሳይቷል። ያ አዋቂ ሰው ነው። የሦስተኛ ክፍል ልጅ ላይ ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም።

መፍትሔው መቀነስ ነው። የተሰነጠቀ የሸክላ ማሰሮ እንውሰድ። አምስት ስድስት ልጆች ዙሪያውን ይቆማሉ። መጀመሪያ ላይ ማንም ምንም አይነግራቸውም። ትንሽ ቆይታ አንዷ ታችኛው ክፍል ጠቁሯል ትላለች። እሳት ላይ ተጥዶ ነበር ማለት ነው። ሌላው ጥቁረቱ በአንድ በኩል እንደሚበዛ ያያል። ሦስተኛው ጎንበስ ይልና በስንጥቁ ግራና ቀኝ ትይዩ የሆኑ ትንንሽ ቀዳዳዎች ያገኛል። ለምን ተበሱ? ክርክር ይነሣል። ውኃ ማጥለያ ነው የሚል አለ፣ ጌጥ ነው የሚልም አይጠፋም። አርኪዮሎጂስቶች እንዲህ ያለ ቀዳዳ በብዙ የዓለም ክፍሎች በተገኙ ሸክላዎች ላይ ያውቁታል። ሸክላው ሲሰነጠቅ ባለቤቱ ዳርና ዳሩን በስቶ በገመድ ወይም በጅማት አሥሮታል። ጠግኖታል። ይሄኔ ልጆቹ ስለ ማሰሮው ብቻ አይደለም የሚያወሩት። ዕቃ በቀላሉ የማይገኝ እንደነበር ይገባቸዋል። ከተጠገነ በኋላ ውኃ መያዝ ስለማይችል ምናልባት እህል ይቀመጥበት ነበር ብለው ይገምታሉ። ለዚህ ሁሉ መምህሩ የተናገረው ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ አቢጌል ሃውሰንና በኒውዮርክ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም የትምህርት ክፍል ኃላፊ የነበረው ፊሊፕ የናዋይን ለሥዕል የሚሆን ተመሳሳይ አካሄድ ነድፈዋል። ሦስት ጥያቄ አለው። እዚህ ሥዕል ላይ ምን እየሆነ ነው? ምን አይተህ ነው እንዲህ ያልከው? ሌላስ ምን ይታያል? ጉልበቱ ያለው ሁለተኛው ላይ ነው። ልጁ ግምቱን በማስረጃ ለመደገፍ ተመልሶ ያያል። ተሳስቶ ከሆነም ማንም ሳያሸማቅቀው ራሱ ያርማል።

የመልመጃ ወረቀት ላይ ግን ቅሬታ አለኝ። ባዶ ቦታ ሙላ የሚል ወረቀት የያዘ ልጅ ዕቃውን ትቶ መግለጫ ጽሑፉን ያሳድዳል። ዓመቱን ገልብጦ ወደሚቀጥለው ይሮጣል። ወረቀት የግድ ካስፈለገ ምንም ያልተጻፈበት ወረቀትና እርሳስ ይሰጠው። ዕቃውን የሚሥል ልጅ ማየቱ አይቀርም። በአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች ለጎብኚ የሚሰጠውን ገለጻ ያጠናው ፍሪማን ቲልደን በ1957 እንዳስቀመጠው ለልጆች የሚሆን ገለጻ የአዋቂው ተቀንሶ የሚሰጥ አይደለም፤ ከመሠረቱ ሌላ አቀራረብ ይፈልጋል።

ከመሄድ በፊት

መምህሩ ቀድሞ ብቻውን ቢሄድ ግማሹ ሥራ አለቀ ማለት ነው። የትኛው ዕቃ ላይ እንደሚቆሙ ይመርጣል፣ ከሙዚየሙ ሠራተኞች ጋር ይነጋገራል፣ ዊልቸር የሚጠቀም ልጅ የሚገባበትን በር ያያል። ልጆቹም መዘጋጀት አለባቸው። ሰው ከትምህርት ቤት ውጭ እንዴት እንደሚማር የሚያጠናው ጆን ፎልክና ባልደረቦቹ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ባደረጉት ጥናት አዲስ ቦታ የገባ ልጅ መጀመሪያ የሚያጠናው ቦታውን ራሱን እንደሆነ አሳይተዋል። ሽንት ቤቱ የት ነው? ምሳ የምንበላው መቼ ነው? የሚገዛ ነገር አለ? እነዚህ ሳይመለሱ ልቡ ዕቃው ላይ አያርፍም። ስለዚህ ከጉዞው በፊት ባለው ቀን የቦታውን ካርታ ሰሌዳ ላይ መሣልና ውሎውን በዝርዝር መንገር እንደ ትርፍ ነገር መታየት የለበትም።

ትምህርት ቤት ቅርስ ሲረከብ

ከሁሉም ሐሳቦች እኔን የሚማርከኝ በ1992 በጣሊያኗ ኔፕልስ የተጀመረው ነው። ናፖሊ ኖቫንታኖቬ የተባለ ፋውንዴሽን እያንዳንዱ ትምህርት ቤት በአቅራቢያው ያለ አንድ ቅርስ እንደ ራሱ አድርጎ እንዲይዝ አደረገ። ቤተ ክርስቲያን ሊሆን ይችላል፣ ምንጭ፣ አደባባይ ወይም የተረሳ ሕንፃ። ተማሪዎቹ ታሪኩን ያጠናሉ፣ ይሥሉታል፣ ያለበትን ጉዳት ይመዘግባሉ። በመጨረሻ ለሕዝቡ አስጎብኚ የሚሆኑት እነሱ ናቸው። ሐሳቡ ወደ ሌሎች የጣሊያን ከተሞች፣ ቀጥሎም ወደ ሌሎች የአውሮፓ አገሮች ተዛመተ። የሚሠራበት ምክንያት ግልጽ ነው። ለእናቱና ለጎረቤቱ ነገ የሚያስረዳ ልጅ ዛሬ በደንብ ያነባል። ደግሞ በየቀኑ ወደ ትምህርት ቤት ሲመላለስ የሚያልፍበት ቦታ ነው። ድንጋዩ ቢወድቅ፣ ግድግዳው ላይ ቢጻፍበት ቀድሞ የሚያየው እሱ ነው።

በዓለም አቀፍ ደረጃም መሠረት አለ። የዩኔስኮ የ1972 የዓለም ቅርስ ስምምነት በአንቀጽ 27 አገሮች በትምህርት አማካይነት ሕዝባቸው ቅርሱን እንዲያከብር እንዲጥሩ ይጠይቃል። በ1995 በኖርዌይ በርገን በተደረገው የወጣቶች መድረክ ላይ ተማሪዎች ራሳቸው ፓትሪሞኒቶ የተባለውን የቅርስ ጠባቂ ገጸ ባሕርይ ፈጥረዋል። ከ1977 ጀምሮ በየዓመቱ ሜይ 18 አካባቢ የሚከበረው ዓለም አቀፍ የሙዚየም ቀንም አለ። በዚያ ሰሞን በብዙ ቦታ መግቢያው ነፃ ስለሚሆን ለትምህርት ቤቶች ጥሩ አጋጣሚ ነው።

የሚከብደው ነገር

ችግሩ ይታወቃል። የአውቶቡስ ገንዘብ፣ የወላጅ ፈቃድ፣ ያላለቀ የትምህርት ምዕራፍ፣ ልጅ ቢጠፋብኝስ የሚል ስጋት። አብዛኛው የሚቀለው በእግር የሚደረስበት ቦታ ሲመረጥ ነው። በእግር ከሆነ አንድ ክፍል ለአንድ ክፍለ ጊዜ ወጥቶ ይመለሳል።

ስለ ጦርነት፣ ስለ ባርነት፣ ስለ ግፍ የሚናገሩ ቦታዎችም አሉ። እነሱን መዝለል ልክ አይመስለኝም። ግን የልጆቹን ዕድሜ አይቶ፣ ቀድሞ ነግሮ፣ በኋላም ቁጭ ብሎ ማውራት ያስፈልጋል። "ይህ ዕቃ እዚህ እንዴት መጣ?" የሚለውን ጥያቄም ልጆች ያለ ፍርሃት ይጠይቁ። የተገዛ፣ በስጦታ የተሰጠ፣ በዘረፋ የተወሰደ ዕቃ በአንድ ጣሪያ ሥር ሊገኝ ይችላል። በኢንተርኔት የሚደረግ ጉብኝት ሩቅ ላለ ልጅ ጥሩ ነው፣ ለዝግጅትም ይጠቅማል። የዕቃውን ትክክለኛ መጠን ግን ስክሪን አይነግርም።

ውጤቱ ተለክቷል ወይ?

አዎ፣ እንዲያውም በጥንቃቄ። በአሜሪካ አርካንሳ በ2011 ክሪስታል ብሪጅስ የተባለ የጥበብ ሙዚየም ሲከፈት የትምህርት ቤቶች ጥያቄ ከአቅም በላይ ሆነ። የአርካንሳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ተራው በዕጣ እንዲሆን አደረጉና ቀድመው የሄዱትን ገና ካልሄዱት ጋር አነጻጸሩ። በ2013 በወጣው ውጤት ከ123 ትምህርት ቤቶች የመጡ 11,000 የሚጠጉ ተማሪዎች ተካተዋል። ጉብኝቱ የአንድ ቀን ብቻ ነበር። ይሁንና የሄዱት አንድን ሥዕል በጥልቀት በመተንተን፣ በድሮ ዘመን የኖረ ሰው ምን እንደሚሰማው በመገመትና የተለየ አመለካከትን በመቻል በልጠው ተገኙ። ከሳምንታት በኋላም ያዩትን ያስታውሱ ነበር። ብልጫው ጎልቶ የታየው በገጠር ትምህርት ቤቶችና ከድሃ ቤተሰብ በመጡ ልጆች ላይ ነው።

ተመራማሪዎቹ ለሁሉም ተማሪዎች ከቤተሰብ ጋር በነፃ የሚያስገባ ኩፖን ሰጥተው ነበር። ኩፖኑን ይዘው ከመጡት መካከል ቀድሞ በትምህርት ቤት በኩል የጎበኙት በዙ። ኩፖን ለማሳተም የሚወጣው ወጪ ትንሽ ስለሆነ ይህን ማንኛውም ትንሽ ሙዚየም ነገውኑ ሊጀምረው ይችላል።