የቲቢ መድኃኒት ምርምርን ማን ይምራው? ደጋግሜ የምሰማቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች

ለቲቢ አዲስ መድኃኒት የሚፈልግ አንድ የምርምር ማዕከል ኃላፊ ሲመረጥ ሐሳብ እንድሰጥ ተጠርቼ ነበር። ከተሰብሳቢዎቹ አብዛኞቹ የተስማሙበት ነገር ይህ ነው፦ «ሳይንሱን ተመራማሪዎቹ ይሠሩታል፤ እኛ የምንፈልገው በጀት የሚያንቀሳቅስ፣ ሰው የሚያግባባ፣ ጠንካራ አስተዳዳሪ ነው።» ይህን አባባል በስብሰባም፣ በተማሪዎች መመረቂያ ላይም፣ በሬዲዮ ውይይትም ሰምቼዋለሁ። ስህተት ነው። ሰው የሚጎዳ ስህተት ስለሆነም በዝርዝር እመልስበታለሁ። ሌሎቹን እግረ መንገዴን አነሳቸዋለሁ።

«ጎበዝ አስተዳዳሪ ካለ ይበቃል»

የቲቢ ባክቴሪያ እንደ ሌላው ባክቴሪያ አይደለም። የአንጀቱ ኢ. ኮላይ ሲመቸው በ20 ደቂቃ ይባዛል፤ የቲቢው አንድ ጊዜ ለመባዛት 20 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ዛሬ የተዘራ ናሙና በዓይን እስኪታይ ሳምንታት ያልፋሉ። ግድግዳው በሰም የተሸፈነ ወፍራም ስለሆነ ብዙ ውህድ አያስገባም። ሳንባ ውስጥ ደግሞ ደም በማይደርስበት የሞተ ሥጋ መሃል ሳይባዛ ተደብቆ መቆየት ይችላል። ስለዚህ በዚህ ምርምር መጀመሪያ ላይ የተወሰነ የተሳሳተ ውሳኔ ዋጋው የሚታወቀው ከዓመታት በኋላ ነው። መሪው የሚፈለገው ለዚያች ውሳኔ ነው።

ፒራዚናማይድን እንውሰድ። ዛሬ የቲቢ ሕክምና የጀመረ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ከሚውጣቸው አራት መድኃኒቶች አንዱ ነው። ይህ ውህድ በተለመደው የላብራቶሪ ፈሳሽ ውስጥ ቢፈተን ባክቴሪያውን ምንም አያደርገውም፤ የሚሠራው አካባቢው አሲድ ሲሆን ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የአሜሪካው ሌደርሊ ኩባንያ ተመራማሪዎች የደረሱበት ውህዶቹን ቲቢ በያዛቸው አይጦች ላይ በቀጥታ ስለሞከሩ ነው። «በብልቃጥ ያልገደለ ይጣል» የሚል መመሪያ የሚያስከብር ሰው ቡድኑን ቢመራው ኖሮ ፒራዚናማይድ ቆሻሻ ውስጥ ይገባ ነበር።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። መድኃኒቱ በከፍተኛ መጠን ሲሰጥ ጉበት ስለሚጎዳ ወደ ዳር ተገፍቶ ነበር። እንደገና ያነሱት የብሪታንያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ሰዎች፣ በተለይ ሐኪሙ ዋላስ ፎክስና የባክቴሪያ ሊቁ ዴኒስ ሚቺሰን ናቸው። በ1970ዎቹ በኬንያ፣ በኡጋንዳ፣ በታንዛኒያና በዛምቢያ በተደረጉ ሙከራዎች ፒራዚናማይድ ወይም ሪፋምፒሲን የተባለው ሌላ የቲቢ መድኃኒት ሲጨመር የ18 ወሩ ሕክምና ወደ 6 ወር ሊያጥር እንደሚችል አሳዩ። በእኔ እይታ የእነዚህ ሰዎች ትልቁ ሥራ የጥያቄው አመራረጥ ነው። «አክታው ቶሎ የሚነጻው በየትኛው መድኃኒት ነው?» ብለው ብቻ አላቆሙም። ሕክምናው ካለቀ በኋላ ታካሚውን ረጅም ጊዜ ተከታትለው በሽታው ያገረሸበትን ቆጠሩ። አክታው የነጻ ሰው ውስጥ ያልሞተ ባክቴሪያ ተኝቶ ሊቀር እንደሚችል ያውቁ ነበርና። ይህን የበጀት ሰንጠረዥ አይነግርህም።

ቤዳኩዊሊን የተባለው የቲቢ መድኃኒትም እንዲሁ ነው። የቲቢ ባክቴሪያ ሙሉ ጂኖም (የዘር መረጃው) በ1998 ከታተመ በኋላ ብዙዎች አንድ ፕሮቲን መርጠው እሱን የሚያግድ ውህድ ፍለጋ ገቡ። መንገዱ ብዙ ላብራቶሪ አደከመ፤ ፕሮቲኑን የሚያግደው ውህድ በዚያ ግድግዳ አልፎ ባክቴሪያው ውስጥ መግባት አቃተው። በቤልጂየም ቤርሴ በሚገኘው የጃንሰን ላብራቶሪ የኩን አንድሪስ ቡድን ሕያው ባክቴሪያ ላይ መፈተንን መረጠ። ለዚህም የተጠቀመበት የቲቢው ዘመድ የሆነውንና በፍጥነት የሚያድገውን ማይኮባክቴሪየም ስሜግማቲስን ነው። መጀመሪያ የሚገድለውን አገኙ፤ የት ጋ እንደሚመታው ከዚያ በኋላ ፈለጉ። ባክቴሪያው ኃይል የሚያመርትበትን ኤቲፒ ሲንቴዝ የተባለ ሞተር ነበር የሚያቆመው። ውጤቱ በ2005 ታተመ፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በታኅሣሥ 2012 ፈቀደው። በአዲስ መንገድ የሚሠራ የቲቢ መድኃኒት ሲገኝ ከ40 ዓመት ገደማ በኋላ የመጀመሪያው ነው።

ከራሴ አካባቢም ልጨምር። በላብራቶሪ ውስጥ 96 ትንንሽ ጉድጓድ ባለው ፕሌት ላይ ባክቴሪያውንና ውህዱን አንድ ላይ እናስቀምጥና ሬሳዙሪን የሚባል ቀለም እንጨምራለን። ባክቴሪያው ካደገ ቀለሙ ወደ ሮዝ ይለወጣል፤ ካላደገ ሰማያዊ ሆኖ ይቀራል። አንድ ኃላፊ ሙሉ ረድፉ ሰማያዊ የሆነ ፕሌት አይቶ ወዲያውኑ ለገንዘብ ሰጪው ሪፖርት እንዲጻፍ አዘዘ። አጠገቡ የነበረችው ባለሙያ ግን «የጉበት ሴሉን ፕሌት አምጡልኝ» አለች። በዚያው መጠን የሰው የጉበት ሴልም ሞቶ ነበር። ውህዱ መርዝ ነው፤ መቆም ነበረበት። ኃላፊው ሪፖርቱ ስለሄደ ሥራው እንዲቀጥል ወሰነ። የሁለት ጎበዝ ልጆች የድኅረ ምረቃ ጊዜ በዚያ ውህድ ላይ ባክኖ ቀረ።

ማቆም ከመጀመር ይከብዳል። ብዙ ሰው የደከመበትን ውህድ «ይብቃ» ለማለት መርዛማነቱን፣ በደም ውስጥ የሚቆይበትን ሰዓት፣ በሞተው ሥጋ ውስጥ ዘልቆ መግባት አለመግባቱን አንብቦ የሚረዳ ሰው ያስፈልጋል። ስለዚህ መሪ የምትመርጡ ሰዎች፣ እባካችሁ እጩውን ስንት ሚሊዮን እንዳስተዳደረ ከመጠየቃችሁ በፊት የትኛውን ፕሮጀክት እንዳቋረጠና በምን ማስረጃ እንዳቋረጠ ጠይቁት። ለአስተዳደሩ ምክትል ቅጠሩለት። ግዢውን፣ የሰው ኃይሉን፣ የመኪና ስምሪቱን ምክትሉ ይያዝ። መሪው በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ተቀምጦ ጥሬ ውጤት ማየት አለበት። የኬፕታውኑ ኤች ስሪ ዲ የመድኃኒት ምርምር ማዕከል ምሳሌ ይሆናል፤ በ2010 ያቋቋመውና የመራው ዛምቢያዊው ኬሊ ቺባሌ ራሱ የኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ሰው ነው።

«መድኃኒት የሚያገኘው አንድ ሊቅ ነው»

ይህኛው የመጀመሪያው ተቃራኒ ቢመስልም ከዚያው ይመነጫል። ስትሬፕቶማይሲን ለተባለው የቲቢ መድኃኒት የ1952ን የኖቤል ሽልማት የወሰደው ሴልማን ዋክስማን ብቻውን ነው። ውህዱን የሚሠራውን ተህዋስ በ1943 በላብራቶሪው ውስጥ የለየው ግን ተማሪው አልበርት ሻትዝ ነበር፤ ፍርድ ቤት ሄዶ ነው የጋራ ግኝትነቱ የታወቀለት። በጊኒ ፒግ ላይ ፈትነው ለሕሙማን ያደረሱት ደግሞ በማዮ ክሊኒክ የነበሩት ፌልድማንና ሂንሾ ናቸው። ዋክስማን የአፈር ተህዋስያንን በሥርዓት የመፈተሽ ዘዴውን ዘርግቷል፤ ያ ትልቅ መሪነት ነው። የልጁን ሥራ መሸፈን ግን የመሪነት አካል አይደለም።

ሌላውን የቲቢ መድኃኒት፣ አይሶኒያዚድን፣ ደግሞ ተመልከቱ። በ1912 ፕራግ ውስጥ ተሠርቶ ለቲቢ ሳይሞከር 40 ዓመት ያህል ተቀመጠ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሦስት ኩባንያዎች፣ ሮሽ፣ ስኩዊብና ባየር፣ በየፊናቸው በአንድ ሰሞን ደረሱበት።

«ባክቴሪያውን ከገደለ መድኃኒት ነው»

በየጊዜው «የቲቢ መድኃኒት ከአገር በቀል ተክል ተገኘ» የሚል ዜና ይወጣል። ተክሎቻችንን ማጥናት ተገቢ ነው፤ እኔም የማስተምረው ነው። ነገር ግን በብልቃጥ ውስጥ በረኪናም የቲቢ ባክቴሪያ ይገድላል። ጋዜጠኞች ሦስት ነገር ጠይቁ፦ በምን ያህል መጠን ነው የገደለው? በዚያ መጠን የሰው ሴል ተርፏል? በሕያው እንስሳ ላይ ታይቷል? ለሦስቱም መልስ ከሌለ ዜና አይደለም።

ይህን የምለው ጉዳቱን ስላየሁ ነው። የማውቀው አንድ ወጣት ሁለት ወር ክኒኑን ወስዶ ሳሉ ሲቆምለት፣ ላቡ ሲቀርለት፣ እንዲህ ያለ ዜና ሰማና ክኒኑን ትቶ ወደ ነጭ ሽንኩርትና ማር ዞረ። ከወራት በኋላ የመጣው ሪፋምፒሲንን የተላመደ ቲቢ ይዞ ነው። በሕክምና ላይ ያላችሁ ሰዎች፣ ደህና መሆን ከተሰማችሁ በኋላ ያሉት ወራት የተደበቀውን ባክቴሪያ የምትጨርሱባቸው ናቸው። ሽንት ብርቱካናማ ወይም ቀላ ያለ መሆኑ ከሪፋምፒሲን ነው፤ አያስደነግጣችሁ። ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ምግብ ካልረጋ፣ እጅና እግር ከደነዘዘ ግን ራሳችሁ ክኒኑን ከመተው ይልቅ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። ነጭ ሽንኩርቱን ከወጥ ጋር ብሉት፤ ማንም አይከለክላችሁም።

«በአይጥ ከሠራ በሰው ይሠራል»

በ2014 ሦስት ትልልቅ ሙከራዎች ውጤታቸውን አወጡ። ሞክሲፍሎክሳሲን ወይም ጋቲፍሎክሳሲን የተባለ መድኃኒት ገብቶበት ሕክምናው ወደ 4 ወር እንዲያጥር ነበር የታሰበው፤ በአይጥ ላይ የተገኘው ውጤት ተስፋ ሰጥቶ ነበር። በሰው ላይ በ4 ወር የጨረሱት ላይ በሽታው አብዝቶ አገረሸ። ውድቀቱን ያነበቡት ባለሙያዎች ሐሳቡን ጠቅልለው አልጣሉትም። ሪፋፔንቲን የተባለ መድኃኒት ከሞክሲፍሎክሳሲን ጋር ተጣምሮ በ2021 በታተመው ሙከራ የ4 ወሩ ሕክምና ከ6 ወሩ እንደማያንስ ታየ።

«ገንዘብ ካለ ይገኛል።» ትልቁ የመድኃኒት ኩባንያ ግላክሶስሚዝክላይን ከ1995 እስከ 2001 ለባክቴሪያ መድኃኒት 70 ሰፋፊ የውህድ ፍለጋዎችን አድርጎ ለመነሻ የሚሆኑ 5 ብቻ አገኘ። ገንዘቡ ነበረ።

«ኮምፒውተር ይፈልግልናል።» ኮምፒውተር እጩ ይጠቁማል፤ አይጡንም ታካሚውንም አይተካም።

«ቲቢ የጠፋ በሽታ ነው፤ ለምን ይደከማል?» የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2023 ብቻ 10.8 ሚሊዮን ሰው ታሞ 1.25 ሚሊዮን ሞቷል።

«ከተፈቀደ ሥራው አልቋል»

አላለቀም። በደቡብ አፍሪካ ፍራንቼስካ ኮንራዲ በመራችው ሙከራ መድኃኒት በእጅጉ የተላመደ ቲቢ ያለባቸው 109 ሰዎች ቤዳኩዊሊን፣ ፕሪቶማኒድና ሊኔዞሊድ የተባሉ ሦስት መድኃኒቶችን ለስድስት ወር ወሰዱ፤ 90 በመቶው ጥሩ ውጤት አገኙ። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ቲቢ የያዘው ሰው የመዳን ዕድሉ በጣም አነስተኛ ነበር። ይሁን እንጂ በቀን 1200 ሚሊግራም ሊኔዞሊድ ከወሰዱት ከአምስቱ አራቱ እጅና እግራቸውን የማደንዘዝ የነርቭ ጉዳት ደረሰባቸው። መድረክ ላይ የሚያጨበጭብ ሰው እዚያ ላይ ያቆም ነበር። ባለሙያዎቹ ግን መጠኑን የሚፈትሽ ሌላ ሙከራ አደረጉ፤ 600 ሚሊግራም ጉዳቱን ቀንሶ ፈውሱን እንዳላጎደለ አሳዩ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 የስድስት ወሩን ሕክምና ሲመክር የተቀበለው 600ውን ነው።

«እኛ ተቀባይ ነን እንጂ ድርሻ የለንም»

ይህን የሚሉኝ የራሴ ተማሪዎች መሆናቸው ያበሳጨኛል። ስትሪም የተባለው ዓለም አቀፍ ሙከራ መድኃኒት የተላመደ ቲቢን ከ20 ወር በላይ ሲያክም የነበረው ሕክምና ወደ 9 ወር ገደማ ሊያጥር ይችል እንደሆነ ሲፈትሽ፣ ኢትዮጵያ ከመጀመሪያዎቹ አራት አገሮች አንዷ ነበረች፤ ሌሎቹ ደቡብ አፍሪካ፣ ቬትናምና ሞንጎሊያ ናቸው። እንጦጦ ሥር ያለው የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ሕሙማን ተሳትፈውበታል። በ2019 በታተመው ውጤት አጭሩ ሕክምና ከረጅሙ እንደማያንስ ታወቀ፤ ጆሮ የሚያደነቁረው የካናማይሲን መርፌ ግን በውስጡ ነበረ። ኢትዮጵያ በሁለተኛው ዙርም ቀጠለች። በመርፌው ፋንታ ቤዳኩዊሊን የገባበት፣ በአፍ ብቻ የሚወሰደው ሕክምና 82.7 በመቶ ጥሩ ውጤት ሲያስገኝ መርፌ ያለበት 71.1 በመቶ ላይ ቀረ፤ ይህም በ2022 ታተመ። አክታውን የመረመሩት፣ የጆሮ ምርመራውን የመዘገቡት፣ ታካሚው ሲጠፋ ቤቱ ድረስ ሄደው የፈለጉት የእኛ ነርሶችና የላብራቶሪ ባለሙያዎች ናቸው። የሚቀጥለውን ሙከራ ጥያቄ የሚቀርጹት ሰዎች ከእነሱ መካከል እንዲወጡ ከፈለግን፣ ፋርማኮሎጂና ማይክሮባዮሎጂ የተማሩትን ልጆች ቢሮ ከማስቀመጥ ይልቅ በእንዲህ ያለ ሙከራ ላይ ከመጀመሪያው ዕቅድ አንስቶ እናስቀምጣቸው።