ስለ ኢዲኤል የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ባለፈው ሰሞን አንድ ልጅ ላፕቶፑን ታቅፎ ደሴ ቤቴ ድረስ መጣ። ቪዲዮ ኤዲተር ነው። አዲስ አበባ ያለው ከለሪስት፣ የፊልሙን ቀለም የሚሠራው ባለሙያ፣ «ኢዲኤሉን ላክልኝ» ብሎታል። ኢዲኤል የፊልም ቆረጣ የሚዘረዘርበት ፋይል ነው። «ጋሼ፣ ፉቴጁ፣ የቀረጽኩት ሁሉ፣ 300 ጊጋ ነው፤ በዚህ ኔትወርክ እንዴት አድርጌ ነው የምልከው?» አለኝ። መጨነቁ ፊቱ ላይ ይታያል።

ፋይሉን ከኤዲቲንግ ፕሮግራሙ ከፕሪሚየር አውጥተን በቴሌግራም ላክነው። አቦሉ ተጠጥቶ ሳያልቅ አዲስ አበባ ገባ። ቶናው ሲቀዳ ደግሞ መልስ መጣ፦ «ደርሶኛል፤ ግን ሪል የለውም። ሁሉም መስመር ላይ ኤኤክስ ይላል።» ልጁ እንደገና ግራ ገባው።

ወሎ ውስጥ ሠርግ፣ የሙዚቃ ክሊፕ፣ ዘጋቢ ፊልም የሚሠሩ ጎበዝ ልጆች አሉ። ኢዲኤልን በተመለከተ ግን ብዙዎቹ የሰሙት ነገር የተዛባ ነው። ደጋግሜ የምሰማቸውን እያነሳሁ ልመልስ።

«ኢዲኤል ውስጥ ቪዲዮው አለ»

የለም። ኢዲኤል ሲዘረዘር ኤዲት ዲሲዥን ሊስት ነው። በእኛ አፍ የቆረጣ ውሳኔ ዝርዝር ልንለው እንችላለን። ተራ ጽሑፍ ነው፤ በኖትፓድ ከፍታችሁ ታነቡታላችሁ። ፋይሉ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። አንዱን መስመር በእኛ ፊደል ልገልብጥላችሁ፦

002 ኤ001 ቪ ሲ 00:03:12:05 00:03:15:05 01:00:04:00 01:00:07:00

002 የቆረጣው ተራ ቁጥር ነው። ኤ001 ሪል ይባላል፤ ምስሉ የመጣበት ካርድ ስም ነው። ቪ ቪዲዮ ማለት ነው። ሲ ደግሞ ካት፣ በቀጥታ የተቆረጠ። በሲ ቦታ ዲ ካያችሁ ዲዞልቭ ነው፣ አንዱ ምስል ቀስ እያለ ወደ ሌላው ሲቀየር፤ ከጎኑ ስንት ፍሬም (ነጠላ ምስል) እንደሚፈጅ ይጻፋል። ቀጥለው ከመጡት አራት ቁጥሮች የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ምስሉ ከካርዱ ላይ ከየት እስከ የት እንደተወሰደ ይናገራሉ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በተጠናቀቀው ፊልም ላይ የት እንደሚያርፍ ያሳያሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። 15:05 ላይ ያለው ፍሬም ራሱ አይገባም፤ ቆረጣው ከእሱ በፊት ነው። ስለዚህ ይህ ሾት በሰከንድ 25 ፍሬም ሲቆጠር ልክ 75 ፍሬም ነው፣ 76 አይደለም። የአንድ ፍሬም ልዩነት ትንሽ ይመስላል። ግን በሁለት ሾቶች መካከል ብልጭ የሚል ጥቁር ወይም የማይፈለግ ምስል የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከዚህ ነው።

200 ቆረጣ ያለው ፊልም ኢዲኤል በስልክ ከምናነሳው አንድ ፎቶ ያነሰ ክብደት አለው። የልጁ ጭንቀት በዚህ ተፈታ።

«የቴፕ ዘመን ነገር ነው፤ ጊዜው አልፎበታል»

በቴፕ ዘመን መወለዱ እውነት ነው። ሲቢኤስ እና ሜሞሬክስ በጋራ ያቋቋሙት ሲኤምኤክስ የሚባል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1971 ሲኤምኤክስ 600 የተባለ የኤዲቲንግ ማሽን አወጣ። በዚያ ጊዜ ዋናው ቴፕ እንዳይጎዳ ቆረጣው በቅጂ ላይ፣ ረከስ ባለ መሣሪያ ይሠራ ነበር። ይህ ኦፍላይን ይባላል። ውዱ ማሽን ያለበት ክፍል የሚከራየው በሰዓት ነው። ኤዲተሩ ዝርዝሩን መጀመሪያ በተበሳ ወረቀት፣ በኋላ በፍሎፒ ዲስክ ይዞ ይገባል። ማሽኑም ዝርዝሩን እያነበበ ከዋናው ቴፕ ላይ ምስሎቹን በተራ ይገጣጥማል። ኦንላይን የሚባለው ይህ ነው፤ ከኢንተርኔት ጋር አይገናኝም።

ቴፑ ሄደ፣ ችግሩ ግን አልሄደም። ደሴ ያለ ኤዲተር አቅሙ ደከም ባለ ላፕቶፕ፣ መብራት ሲሄድ ሲመጣ፣ በፕሮክሲ፣ ማለትም በፉቴጁ ቀለል ያለ ቅጂ፣ ይቆርጣል። ዋናው ፉቴጅ በሃርድ ዲስክ ሆኖ በአውቶቡስ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ይሄ ያው የድሮው ኦፍላይንና ኦንላይን ነው። ዲስኩ አንዴ አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ ዳይሬክተሩ ሐሳቡን ቢቀይር ማንም መንገድ አይገባም። አዲስ ኢዲኤል ይላካል፣ በቃ። ከትንሽ ከተማ ሆኖ ትልቅ ሥራ ለመሥራት ከዚህ የተሻለ ድልድይ አላውቅም።

ዛሬም ፕሪሚየር፣ አቪድ እና ዳቪንቺ ሪዞልቭ የተባሉት ፕሮግራሞች ሲኤምኤክስ 3600 የሚባለውን አጻጻፍ ያወጣሉ። ከከለር ሌላ ለቪዥዋል ኢፌክት የሚፈለጉ ሾቶችን ነጥሎ ለማውጣት፣ ቆረጣው ሲቀየር ደግሞ ድምፁን ከአዲሱ ጋር ለማስተካከል ይጠቅማል።

«ታይም ኮድ ሰዓት ነው»

እዚህ ላይ እኛ ከሌላው ሰው በላይ እንደናገራለን። «01:00:00:00 ይላል፤ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ነው እንዴ የተቀረጸው?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው አለ። አይደለም። ታይም ኮድ እያንዳንዱ ፍሬም የሚለይበት ቁጥር ነው። ፊልሙ ከአንድ ሰዓት የሚጀምረው በልማድ ነው። ከፊልሙ በፊት የቀለም መስመርና የመቁጠሪያ ምስል ይቀመጣል፤ ከዜሮ ብንጀምር ለእነዚህ ቦታ አይኖርም፣ ቁጥሩ ወደ 23:59 ይመለሳል።

አንዳንድ ካሜራ ግን እውነተኛውን ሰዓት ታይም ኮድ አድርጎ መቅዳት ይችላል። ያን ጊዜ የካሜራው 10:00 የእኛ ጠዋት 4 ሰዓት ነው። ማስታወሻ የሚይዘው ልጅ በሀበሻ ሰዓት ከጻፈ በኋላ ፍለጋው ጣጣ ነው። ደብተሩ ላይም የካሜራውን ሰዓት ጻፉ።

የመጨረሻዎቹ ሁለት አሃዞች ሰከንድ አይደሉም፣ ፍሬም ናቸው። በ25 ስትቀርጹ ከ00 እስከ 24 ይሄዳሉ። ስልክ ብዙውን ጊዜ በ30 ነው የሚቀርጸው፤ እሱም ሲቀርጽ ከፍ ዝቅ ይላል። ካሜራው በ25፣ ስልኩ በ30 ሆነው አንድ ኢዲኤል ውስጥ ከገቡ ቁጥሮቹ አይስማሙም። የስልኩን ቪዲዮ ቆረጣ ሳትጀምሩ ወደ ቋሚ 25 ቀይሩት።

ድሮፕ ፍሬም የሚለውን አይቶ «ምስል ይጠፋል» ብሎ የሚደነግጥም አለ። የሚዘለለው ቁጥር ብቻ ነው። በ29.97 ፍሬም ሲቀረጽ በየደቂቃው መጀመሪያ ላይ 00 እና 01 የሚሉት ይዘለላሉ፤ በየአሥረኛው ደቂቃ ላይ ግን አይዘለሉም። ምስሉ አንድም አይጎድልም። በ25 ለሚሠራ ሰው ጨርሶ አይመለከተውም።

«የፋይሉ ስም በቂ ነው፤ ሪል አያስፈልግም»

ብዙ ሰው የሚጎዳበት ስህተት ይሄኛው ነው። እኔንም ጎድቶኛል።

ከዓመታት በፊት የባቲን የሰኞ ገበያ በሁለት ካሜራ ቀረጽን። ሁለቱም አንድ ዓይነት ካሜራ ናቸው። ሁለቱም ፋይላቸውን ከሲ0001 ይጀምራሉ፤ የእያንዳንዱ ክሊፕ ታይም ኮድም ከዜሮ ይነሳል። በአንዱ ካሜራ ሲ0012 ላይ አንዲት እናት ቅቤ ሲመዝኑ አሉ። ጣታቸውን በቅል ጠርዝ ሲያብሱ ይታያል፤ የፊልሙ ምርጥ ሾት ነበረች። በሌላው ካሜራ ሲ0012 ላይ ግመሎች ውሃ እየጠጡ ነው። ኢዲኤሉ «ሲ0012፣ ከ00:00:08:10 ጀምሮ» ብቻ ነው የሚለው። አዲስ አበባ ሲገጣጠም እናቲቱ ጠፍተው የግመል አንገት መጣ። እንደዚህ የተለዋወጡ ሾቶች 14 ነበሩ። ሁለት ቀን ሙሉ አንድ በአንድ ስናርም ዋልን።

ለመንገደኛ «ከፒያሳ ወረድ ብለህ ሰማያዊ በር ያለው ቤት ነው» ብትሉት፣ ሰፈሩ ላይ ሁለት ሰማያዊ በር ካለ አንዱን ያንኳኳል። ኢዲኤልም እንደዚያው ነው። ሪል ሰፈሩ ነው፣ ታይም ኮድ በሩ።

የልጁ ኤኤክስም ትርጉሙ ይኸው ነው፤ ፕሮግራሙ የሪል ስም ሲያጣ የሚጽፈው ነው። ፕሪሚየር ላይ ቴፕ ኔም የሚል ዓምድ አለ። ለእያንዳንዱ ካርድ የተለየ ስም እዚያ ይሞላል። ስሙ አጭር ይሁን፣ በላቲን ፊደልና ቁጥር ይጻፍ፤ የአማርኛ ፊደል ሌላው ፕሮግራም ላይ ሲደርስ ሊበላሽ ይችላል። የቆየው አጻጻፍ ለሪል ስም የሚፈቅደው ስምንት ፊደል ነው። «ባቲ ማርኬት ኤ» እና «ባቲ ማርኬት ቢ» ብላችሁ በላቲን ብትጽፉ የመጀመሪያዎቹ ስምንት ፊደላት አንድ ናቸው፤ ሲቆረጡ ተመልሰው ይመሳሰላሉ። ልዩነቱን ፊት ላይ አድርጉት፦ ኤ001፣ ቢ001።

የፋይሎቹን ስም ራሱን የምትቀይሩ ከሆነ ደግሞ ፕሮክሲ ከመሠራቱ በፊት ይሁን።

«ታይምላይኑ ላይ ያለው ሁሉ አብሮ ይሄዳል»

አይሄድም። ታይምላይን ኤዲተሩ ምስሉንና ድምፁን የሚደረድርበት ቦታ ነው፤ ትራክ ደግሞ እዚያ ላይ ያለው አንዱ መደዳ። ሲኤምኤክስ 3600 አንድ የቪዲዮ ትራክ ነው የሚያውቀው። በአራት ትራክ ደራርባችሁ የሠራችሁት አይተረጎምለትም። ጽሑፍ፣ የቀለም ሥራ፣ ያሳነሳችሁትና ያሳደጋችሁት ምስል አብዛኛው ይቀራል። ከሥር በአምባሰል ቅኝት የገባው ማሲንቆ ንግግር ሲመጣ ዝቅ እንዲል ያደረጋችሁትም አይሄድም። የቆረጣው ብዛትም ከ999 ማለፍ የለበትም።

ስለዚህ ከመላክ በፊት የታይምላይኑን ኮፒ ሥሩ። የሚቻለውን ሁሉ ወደ አንድ ትራክ አውርዱ። የማይወርደውን ለብቻው በሌላ ኢዲኤል አውጡ። ከሁሉ በላይ ማጣቀሻ ቪዲዮ አብራችሁ ላኩ፦ አነስ ያለ፣ ታይም ኮዱ ምስሉ ላይ የሚታይ። በባቲው ሥራ እናቲቱ መጥፋታቸው የታወቀው በዚህ ቪዲዮ ነው። እሱ ባይኖር ግመሉ እንደተቀመጠ ፊልሙ ይወጣ ነበር።

«ኤክስኤምኤል ካለ ኢዲኤል ምን ያደርጋል?»

ኤክስኤምኤል እና ኤኤኤፍ ቆረጣውን ከፕሮግራም ወደ ፕሮግራም የሚያደርሱ ሌሎች የፋይል ዓይነቶች ናቸው። ብዙ ትራክና ብዙ መረጃ ይይዛሉ፤ ይህ ጥቅማቸው ነው። ለድምፅ ሥራ ኤኤኤፍ ይሻላል ባይ ነኝ። ግን የፕሮግራሙ ቨርዥን ሲለያይ አልከፈትም የሚሉበት ቀን አለ። ኢዲኤል ሲበላሽ በዓይን ይታያል፤ አንዱን የሪል ስም በኖትፓድ አስተካክሎ ማስቀመጥም ይቻላል። ቁጥሮቹን ግን ዝም ብላችሁ አትነካኩ። እኔ ሁለቱንም አንድ ላይ ነው የምልከው።

ሠርግ ለምትሠሩ ሌላ መንገድም አለ። የጨረሳችሁትን ሥራ ጽሑፍ ሳይገባበት አንድ ጥራቱ ከፍ ያለ ፋይል አድርጋችሁ አውጡና ከኢዲኤሉ ጋር ላኩ። ዳቪንቺ ሪዞልቭ ኢዲኤሉን አንብቦ ያንን አንድ ፋይል በየቆረጣው ይበልተዋል። ከለሪስቱ ሾት በሾት ይሠራል፤ 300 ጊጋ ፉቴጅ አይጓዝም፣ የሪል ጣጣም የለም። ዲዞልቭ ያለበት ቦታ ግን ሁለቱ ምስሎች ተዋህደው ስለሚደርሱት ዲዞልቮቹን ከመላካችሁ በፊት አንሱ።

ልጁ የመጣበት ሥራ ገና ሊቀየር የሚችል ስለነበር በዚህ መንገድ አልሄድንም። ስድስቱን ካርዶች ከኤ001 እስከ ኤ006 ሰየምናቸው። ኢዲኤሉን እንደገና አወጣን፤ ከላይ እስከ ታች ጮክ ብሎ አነበበልኝ። ኤኤክስ የሚል አንድም መስመር አልነበረም። በረካው ሲቀዳ ላከው።