የቨርቹዋል ማሽን ሰርቨርና የስቶሬጁ ጥገና

በአንድ ሰርቨር ውስጥ ሃያ ሠላሳ ኮምፒውተር ማሠራት ይቻላል። እያንዳንዱ ቨርቹዋል ማሽን የራሱ ኦፐሬቲንግ ሲስተም አለው፤ ፕሮሰሰሩም፣ ሜሞሪውም፣ ዲስኩም የግሉ ይመስለዋል። እውነተኛውን ሃርድዌር ለሁሉም የሚያካፍለው ሶፍትዌር ሃይፐርቫይዘር ይባላል። የመሥሪያ ቤት የሂሳብ ሲስተም፣ የተማሪዎች ውጤት፣ የሆስፒታል የታካሚ መዝገብ ዛሬ ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው እንዲህ ባለ ማሽን ላይ ነው። ስለዚህ አንድ ሰርቨር ሲታመም የሚቆመው አንድ ሥራ ብቻ አይደለም።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። አይቢኤም ቪኤም/370 የተባለውን ሲስተም ይፋ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። በተራ ሰርቨሮች ላይ የተስፋፋው ግን በ1998 ከተቋቋመው ቪኤምዌር ከተባለው ኩባንያ በኋላ ነው። ኬቪኤም የተባለው ሃይፐርቫይዘር በ2007 ሊኑክስ ውስጥ ተካተተ። በ2008 ደግሞ ለዚሁ ሥራ የሚያገለግሉት የማይክሮሶፍት ሃይፐር-ቪና የቪየናው ፕሮክስሞክስ መጡ። ብሮድኮም የተባለው ኩባንያ በ2023 መጨረሻ ቪኤምዌርን ገዝቶ አንዴ ተከፍሎበት ለዘለቄታው የሚያገለግለውን ላይሰንስ ሲያስቀር፣ አቅማቸው ውስን የሆኑ ብዙ ቢሮዎች ወደ ፕሮክስሞክስ ፊታቸውን አዞሩ። እዚህ የሚነሱት ምሳሌዎችም በአብዛኛው ከእሱ የተወሰዱ ናቸው።

ከሁሉ በፊት መታየት ያለበት ስቶሬጁ፣ ማለትም የማሽኖቹ ዳታ የሚቀመጥባቸው ዲስኮች፣ ነው። ፕሮሰሰር እምብዛም አይበላሽም። ሜሞሪ ቢበላሽም መቀየር ነው፤ እዳው ገብስ ነው። ስቶሬጅ ግን የሁሉም ማሽኖች የጋራ መተላለፊያ ነው፤ ዳታው ያለውም እዚያው ነው። በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ተራ ሀርድ ዲስክ በሰከንድ የሚያስተናግደው የተበታተነ ጥያቄ ቢበዛ 100 አካባቢ ነው። የሚሽከረከር ነገር የሌለው ዲስክ፣ ኤስኤስዲ፣ በአስር ሺዎች ያስተናግዳል። ሃያ ማሽኖች በአንድ ጊዜ ሲጽፉና ሲያነቡ እያንዳንዳቸው በሥርዓት ቢጠይቁ እንኳ፣ ዲስኩ ጋ ሲደርስ ሁሉም የተደበላለቀ ነው።

«ሲስተሙ ተንቀራፈፈ» የሚል ስልክ ሲመጣ ብዙ ሰው መጀመሪያ ሜሞሪና ፕሮሰሰር ለመጨመር ይሮጣል። መጀመሪያ መታየት ያለበት ግን አይኦ ዌይት የሚባለው ቁጥር ነው። ፕሮሰሰሩ ዲስክ እየጠበቀ ምን ያህል ጊዜ ሥራ ፈትቶ እንደቆመ ይናገራል። ቪኤምዌር ላይ ኢኤስኤክስቶፕ የተባለው መሣሪያ ጥበቃውን ለሁለት ከፍሎ ያሳያል። ዲአቨግ ከዲስኩ በኩል ያለው መዘግየት ነው፤ ኬአቨግ ሃይፐርቫይዘሩ ራሱ ውስጥ ያለው። የመጀመሪያው ከ20 እስከ 25 ሚሊሰከንድ አልፎ እዚያው ከቆየ ችግሩ ዲስኩ ወይም ወደ ዲስኩ የሚወስደው መስመር ነው። ሁለተኛው ከ2 ሚሊሰከንድ ካለፈ ወረፋው ሃይፐርቫይዘሩ ላይ ነው። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች መለየት ብዙ የግምት ሥራ ያስቀራል።

በጣም የተለመደውና ሰውን በጣም የሚያስደነግጠው ችግር የስቶሬጅ መሙላት ነው። 1 ቴራባይት ባለው ስቶሬጅ ላይ ለ10 ማሽኖች 200 200 ጊጋባይት መስጠት ይቻላል። ቲን ፕሮቪዥኒንግ ይሉታል፤ ቦታው የሚያዘው ማሽኑ በእርግጥ ሲጽፍ ብቻ ነው። በወረቀት የተሰጠው 2 ቴራባይት ነው፤ ያለው ግን ግማሹ። ለወራት ምንም አይሰማም። አንድ ቀን ስቶሬጁ ይሞላል። ማሽኖቹ ግን ይህን አያውቁም። ውስጥ ያለው ዊንዶውስ 90 ጊጋባይት ባዶ ቦታ አለኝ እያለ፣ ሊጽፍ ሲሞክር ቀጥ ይላል። ፕሮክስሞክስ ላይ ብዙ ጊዜ ማሽኑ አጠገብ ቢጫ ምልክትና «አይኦ ኤረር» የሚል ጽሑፍ ይወጣል።

እዚህ ላይ እጅን መሰብሰብ ያስፈልጋል። ማሽኑ ባለበት ቆሞ እየጠበቀ ነው፤ አጥፍቶ ማብራት ያልተጻፈውን ዳታ ውሃ እንዲበላው ማድረግ ነው። መጀመሪያ ቦታ ይገኝ። የቆዩ ስናፕሾቶች (ማሽኑ በአንድ ወቅት የነበረበትን ሁኔታ ይዘው የሚያቆዩ) ይሰረዙ፣ የማያስፈልግ ማሽን ዲስክ ወደ ሌላ ስቶሬጅ ይዛወር፣ ወይም ተጨማሪ ዲስክ ይግባ። ከዚያ ማሽኑ ካቆመበት እንዲቀጥል ይደረጋል። ኤልቪኤም-ቲን የተባለውን የሊኑክስ የስቶሬጅ ዘዴ የሚጠቀም ሰው ደግሞ ከዳታው ሌላ ሜታዳታ የሚባለውን፣ ዳታው የት እንዳለ የሚመዘግበውን፣ መከታተል አለበት። ትንሽ ነገር ናት፤ እሷ ከሞላች ግን ጣጣው ከዳታው መሙላት ይብሳል። ዜድኤፍኤስ የተባለው የፋይል ሲስተም ላይ ከ80 በመቶ በላይ አለመሙላት የቆየ ምክር ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ ፍጥነቱም ይወርዳል።

ማሽኑ ውስጥ ፋይል ሲሰረዝ ስቶሬጁ ላይ ቦታው የማይመለስበት ጊዜም አለ። ማሽኑ «ይህን አልፈልገውም» ብሎ ከሥሩ ላለው ስቶሬጅ ካላሳወቀ ቦታው እንደተያዘ ይቆያል። የዲስኩ «ዲስካርድ» ምርጫ ይከፈት፤ ሊኑክስ ላይ ደግሞ ኤፍኤስትሪም በየሳምንቱ ይሥራ። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፤ የሚመልሰው ቦታ ግን ያስገርማል።

ስናፕሾት ባክአፕ አይደለም። ስናፕሾት ሲያዝ ዋናው ዲስክ ባለበት ይቆማል፤ አዲስ የሚጻፈው ወደ ሌላ ፋይል ይሄዳል። ያ ፋይል ቀን በቀን ያድጋል። ቪኤምዌር አንድን ስናፕሾት ከ72 ሰዓት በላይ እንዳታቆዩ ብሎ ይመክራል፤ እስከ 32 መደራረብ ቢፈቀድም ከ2 ወይም 3 አትለፉ ይላል። ከአፕዴት በፊት መያዝ፣ ሁሉ ነገር መሥራቱን ማየት፣ ከዚያ መሰረዝ። ትክክለኛ አጠቃቀሙ ይኸው ነው።

ዲስኮች ሲያረጁ አብዛኛውን ጊዜ ምልክት ይሰጣሉ። ዲስኩ ስለ ራሱ ጤና በሚመዘግበው፣ ስማርት በሚባለው መረጃ ውስጥ ቁጥር 5፣ 197 እና 198 ይታዩ። በቅደም ተከተል የተተኩ፣ የሚያጠራጥሩና የማይነበቡ ሴክተሮች (የዲስኩ ትናንሽ ክፍሎች) ቁጥር ናቸው። ዜሮ የነበረው መጨመር ከጀመረ አዲስ ዲስክ የሚገዛበት ጊዜ ነው፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አይባልም። ሰን ማይክሮሲስተምስ ውስጥ በጄፍ ቦንዊክና በማት አረንስ የተጀመረውና እ.ኤ.አ. በ2005 ኮዱ የተለቀቀው ዜድኤፍኤስ ከዚህም አልፎ ይሄዳል። እያንዳንዱን ብሎክ በቼክሰም (ከዳታው ተሰልቶ በሚቀመጥ ማረጋገጫ ቁጥር) እያመሳከረ፣ ዲስኩ ደህና ነኝ እያለ የተበላሸ ዳታ ሲሰጥ ይይዘዋል። በሁለት ዲስክ ላይ ከተቀመጠ ከደህናው ቅጂ ያስተካክለዋል። ስክራብ የሚባለው ሙሉ ፍተሻ ዴቢያን በተባለው ሊኑክስ ላይ በየወሩ ሁለተኛው እሑድ ራሱ ይጀምራል። ውጤቱን የሚያነብ ሰው ግን ያስፈልጋል። የማንቂያ ኢሜይል የሚደርሰው ከሥራ የለቀቀ ሰው አድራሻ ላይ ከሆነ ፍተሻው ኖሮም አልኖረም።

ዲስክ ሲቀየር ትልቁ አደጋ ደህናውን መንቀል ነው። «ኤስዲኤ»፣ «ኤስዲቢ» የሚሉት ስሞች ሰርቨሩ ተነስቶ ሲመጣ ሊቀያየሩ ይችላሉ። ስለዚህ የሚታመነው ዲስኩ ላይ የተለጠፈው ሲሪያል ቁጥር ነው። ከስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥርና ከዲስኩ ላይ ያለው ፊደል በፊደል ይመሳከሩ። ሰርቨሮቹ ሲገጠሙ ቁጥሩን በትንሽ ወረቀት ጽፎ መሳቢያው ላይ መለጠፍ የመሰለ ነገር የለም። አዲሱ ዲስክ ከገባ በኋላ ዳታው እስኪገለበጥ የቀሩት ዲስኮች ከባድ ሥራ ላይ ናቸው። ብዙ ጊዜ አብረው የተገዙ ስለሆኑ ዕድሜያቸውም እኩል ነው። ከመቀየር በፊት ባክአፕ የሚታየው ለዚህ ነው። የሚገዛው ዲስክ ኤስኤምአር፣ ማለትም ዳታውን በተደራረቡ መስመሮች የሚጽፍ፣ አለመሆኑም ይረጋገጥ። እ.ኤ.አ. በ2020 ዌስተርን ዲጂታል ከሬድ ዲስኮቹ አንዳንዶቹ ኤስኤምአር መሆናቸውን ያሳወቀው ዜድኤፍኤስ ላይ መተካት አልሆን ያላቸው ደንበኞች ካጉረመረሙ በኋላ ነው።

በእኛ አገር ደግሞ የመብራት ነገር አለ። መብራት ድርግም ሲል ገና ዲስኩ ላይ ሳይጻፍ በካሽ (በጊዜያዊ ማቆያ) ላይ የነበረ ዳታ ሊጠፋ ይችላል። ለቢሮ ላፕቶፕ የተሠራ ኤስኤስዲ ሰርቨር ላይ የማይመከርበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ የሰርቨሩ ኤስኤስዲ በእጁ ያለውን ጽፎ ለመጨረስ የሚበቃ ኃይል የሚይዝ ካፓሲተር አለው። ዩፒኤስ መግዛት ብቻ አይበቃም፤ ባትሪው ሊያልቅ ሲል ለሰርቨሩ መንገር አለበት። ኤንዩቲ የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ይህን ይሠራል። ሲዘጋ ማሽኖቹ ይቀድማሉ፣ ስቶሬጁ መጨረሻ። ሲነሳ ተቃራኒው ነው።

ከፍታም ይታሰባል። አየሩ ስስ ሲሆን ሙቀት በደንብ አይወስድም። አሽሬ የተባለው የአሜሪካ የመሐንዲሶች ማኅበር ለተለመዱ ሰርቨሮች ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ ከተፈቀደው ሙቀት 1 ዲግሪ ይቀንሳል። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። 35 ዲግሪ ይችላል የተባለ ሰርቨር እዚህ 30 አካባቢ ነው የሚችለው ማለት ነው።

ሁለት ሰርቨር ብቻ ያለው ክላስተር (እንደ አንድ የሚሠሩ ሰርቨሮች ስብስብ) ሌላ ወጥመድ አለው። መብራት ሄዶ ሲመለስ አንዱ አልነሳ ካለ፣ ሌላው ብቻውን አብላጫ ድምፅ ስለሌለው ማሽኖቹን አያስነሳም። ሦስተኛ ድምፅ የሚሰጥ አንድ ትንሽ ኮምፒውተር ይበቃል።

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2023 ኢኤስኤክስአይአርግስ የተባለው ራንሰምዌር (ዳታ ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ) በዓለም ዙሪያ በሺዎች የሚቆጠሩ የቪኤምዌር ሰርቨሮችን ቆለፈ። ቪኤምዌር ለተጠረጠረው ቀዳዳ ማስተካከያ ያወጣው ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ነበር። ስለዚህ አፕዴት መደረግ አለበት፤ የሃይፐርቫይዘሩ መቆጣጠሪያ ገጽም ለኢንተርኔት ክፍት መሆን የለበትም። ባክአፑም ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከግቢው ውጭ ይሁን። ቅጂዎቹን መሞከር ደግሞ ግዴታ ነው። በየጥቂት ወሩ አንድ ማሽን ተመርጦ ከባክአፕ ይነሳ። ሲነሳ የኔትወርክ ካርዱ የተነቀለ ይሁን፤ አለበለዚያ ሥራ ላይ ካለው ማሽን ጋር በአይፒ አድራሻ ይጋጫል። ዳታቤዙ ይከፈት፣ የትናንቱ መዝገብ መኖሩ ይታይ፣ ለመነሳት የፈጀበት ጊዜም ይጻፍ።