ፕሉቶን ያስወጣው ሕግ፦ «ምህዋርን ማጽዳት» ምንድን ነው?

ቱሉ ዲምቱ መብራት በጠፋበት ምሽት ሰማዩ ወለል ብሎ ይታያል። እንዲህ ባለ ምሽት ነው ጎረቤቴ፣ «እኛ የተማርነው ዘጠኝ ፕላኔት ነው፤ ፕሉቶን ማን አወጣው?» ያለችኝ። ቅሬታዋ ይገባኛል። በልጅነት የሸመደዱት ሲሰረዝ ያማል።

ውሳኔው የተላለፈው ነሐሴ 18 ቀን 1998 ዓ.ም.፣ ፕራግ ላይ በተሰበሰበው የዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ጉባኤ ነው። በ1997 ኤሪስ የተባለች፣ ፕሉቶን የምታክል የሰማይ አካል በመገኘቷ ጉዳዩ ሊታለፍ አልቻለም። ፕላኔት ለመባል ፀሐይን መዞር፣ በራስ ስበት ድቡልቡል መሆን፣ ምህዋርንም ማጽዳት ያስፈልጋል። ፕሉቶ የወደቀው በሦስተኛው ነው።

ሰውን ግራ የሚያጋባው ይህ «ማጽዳት» የሚለው ቃል ነው። መንገዱ ላይ አንድም ድንጋይ አይኑር ማለት አይደለም፤ በመሬት ምህዋር አቅራቢያም አለቶች ያልፋሉ። ቁም ነገሩ በአካባቢው አውራ መሆን ነው፤ ሌሎቹን በስበት መዋጥ፣ ማባረር ወይም ማስገበር። የመሬት መጠነ ቁስ በምህዋሯ ካለው ቀሪ ነገር ሁሉ ከ1 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ይበልጣል። የፕሉቶ ግን የጎረቤቶቹን ድምር አንድ አስረኛ እንኳ አይሞላም። እንዲያውም ራሱ የገበረ ነው፦ ኔፕቲዩን ፀሐይን ሦስት ጊዜ ስትዞር እሱ ሁለት ጊዜ ይዞራል፤ ከዚህ ምት እንዳይወጣ የእሷ ስበት ይዞታል።

ለፕሉቶ የተሰጠው «ድንክ ፕላኔት» የሚለው ስያሜ ግን እኔንም ቅር ይለኛል። ድንክ ዛፍ ዛፍ ነው፤ በዚህ ሕግ ድንክ ፕላኔት ፕላኔት አይደለም። ጎረቤቴ ለልጆቿ ስምንት ብላ ታስተምራቸው፤ የፕሉቶንም ታሪክ አትንፈጋቸው።