ቱቦ በሌለው ቤት ሙቀት፦ ሚኒ ስፕሊት ሂት ፓምፕ በሲያትል

ሚኒ ስፕሊት የአየር ቱቦ ባልተዘረጋለት ቤት ውስጥ ለማሞቂያም ለማቀዝቀዣም የሚገጠም ሂት ፓምፕ፣ ማለትም ሙቀትን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ የሚያሻግር ማሽን ነው። ሁለት አካል አለው። አንደኛው ጋዝ የሚጨምቀውን ኮምፕሬሰር ይዞ ደጅ ይቀመጣል፤ ነጭና ረዘም ያለው ሌላኛው ደግሞ ሳሎን ውስጥ ከኮርኒሱ ዝቅ ብሎ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ሦስት ኢንች ገደማ በሚሰፋ ቀዳዳ የሚያልፍ አንድ ጥቅል ነው፦ ሁለት የመዳብ ቧንቧ፣ የኤሌክትሪክ ገመድና ውሃ የሚወርድበት ቀጭን ቱቦ። ድሬዳዋ ወይም ዱባይ የኖረ ሰው ሲያየው «ኤሲ ነው» ይላል። እስራኤል የኖረው ማዝጋን ይለዋል፤ በክረምት እንደሚሞቁበትም ያውቃል። በአሜሪካ ሰሜን ምዕራብ፣ በተለይ በሲያትልና በዙሪያዋ፣ ዕቃው መጀመሪያ የተስፋፋው ለማሞቂያነት ነው፤ ማቀዝቀዙ እንደ ገበያ ምርቃት ተከትሎት መጣ።

ብዙዎቹ የሲያትል የቆዩ ቤቶች ቱቦ ያልተዘረጋላቸው መብራት ርካሽ ስለነበረ ነው። የከተማዋ የመብራት ድርጅት ሲያትል ሲቲ ላይት በስካጊት ወንዝ ላይ ጎርጅ፣ ዲያብሎና ሮስ የተባሉ ግድቦችን ሠርቶ ኃይል ያመነጫል። በዚያ ርካሽ ኃይል ተማምነው በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽና ከዚያ ወዲህ ቤት የሠሩ ሰዎች በየክፍሉ ግርጌ ቤዝቦርድ ሂተር የሚባል በመብራት የሚግል ረዥም ማሞቂያ አጋድመው አለፉ። ለሠሪው ቀላል ነበር፤ ቱቦም ምድጃም የለም፣ ገመድ ብቻ ነው። ለሚኖርበት ግን ሶፋ የማያስጠጋ፣ መጋረጃ የሚያሰጋ፣ በመኸር የመጀመሪያ ብርድ ሲከፈት የዓመቱን አቧራ የሚያቃጥል ዕቃ ነው። በሲያትል አካባቢ በሬኒየር ቫሊ፣ በሬንተንና በኬንት የሚኖር ሐበሻ ያንን ሽታ ያውቀዋል። ሌሎቹ የቆዩ ቤቶች ደግሞ ግቢ ውስጥ ከተቀበረ ጋን ናፍጣ መሰል ዘይት እየቀዱ የሚሞቁ ነበሩ። ለሁሉም ቱቦ እንዘርጋ ቢባል ኮርኒስ መበሳትና ቁምሳጥን መሠዋት ይጠይቃል።

እ.ኤ.አ. በ2008 የአካባቢው የመብራት ድርጅቶች ገንዘብ የሚያዋጡለት ኒያ የተባለ የኃይል ቁጠባ ጥምረት ሚኒ ስፕሊትን በሰሜን ምዕራብ ግዛቶች የሚያስተዋውቅ ፕሮጀክት ጀመረ። ሐሳቡ ልከኛ ነበር። ሙሉ ቤቱን አንቀይር፤ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያሳልፍበት ሳሎን ውስጥ አንድ ማሽን እንስቀል፤ የመኝታ ክፍሎቹ ቤዝቦርድ እንዳለ ይቆይ። ዛሬም ለብዙ ትንንሽ ቤቶች ከዚህ የተሻለ ምክር ማግኘት ይከብዳል። ከዚያ እ.ኤ.አ. ጁን 28 ቀን 2021 ሲያትል 108 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም 42 ሴንቲግሬድ ገባች፤ በዋሽንግተን ግዛት በዚያ ሰሞን ሙቀት ከ100 በላይ ሰው ሞተ። እስከዚያ ድረስ የአየር ማቀዝቀዣ እምብዛም ከማይታይባቸው የአሜሪካ ትልልቅ ከተሞች አንዷ ነበረች። ከዚያ በጋ በኋላ ምርቃቱ ዋናው ዕቃ ሆነ።

አሠራሩን ለመረዳት ፍሪጅ ይበቃል። ፍሪጅ ከኋላው የሚሞቀው ከሆዱ ያወጣውን ሙቀት ወደ ወጥ ቤቱ ስለሚተፋ ነው። ሂት ፓምፕ ደጁን እንደ ፍሪጅ ሆድ ይቆጥረዋል። በቧንቧው የሚዞረው ጋዝ በጣም ዝቅተኛ በሆነ ሙቀት ስለሚፈላ፣ ለእኛ የሚበርደን አየር እንኳ ያፈላዋል። ኮምፕሬሰሩ ሲጨምቀው ይግላል፤ ቤት ውስጥ ሙቀቱን ለቆ ወደ ፈሳሽነት ይመለሳል። በበጋ አንድ ቫልቭ አቅጣጫውን ይገለብጠዋል። ቤዝቦርድ ከአንድ ኪሎዋት ሰዓት መብራት የሚያወጣው አንድ ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ብቻ ሲሆን፣ ጥሩ ሚኒ ስፕሊት በሲያትል ዓይነት መለስተኛ ክረምት ሦስት ያህል ያስገባል። ብርዱ ሲጠና ይህ ይቀንሳል። ሆኖም የሲያትል የጃንዋሪ ሌሊት በአማካይ ከ3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብዙም ስለማይርቅ ለዚህ ማሽን የተመቸ አየር ነው። በ1980ዎቹ ጃፓን ውስጥ የተስፋፋው ኢንቨርተር ደግሞ ኮምፕሬሰሩ በርቶ ከመጥፋት ይልቅ ፍጥነቱን እየቀነሰና እየጨመረ እንዲሠራ አስቻለው። ድምፁ ዝቅ ያለውና ክፍሉ አንዴ ግሎ አንዴ የማይቀዘቅዘው በዚህ ነው።

የማሽኑን ዕድሜና የመብራት ሂሳቡን የሚወስነው ግን ከሁሉ በላይ የገጣሚው እጅ ነው። ሰው ስለ ብራንድ ሳምንት ሙሉ ይከራከርና ስለ ገጣሚው አንድ ስልክ አይደውልም።

መጀመሪያ ልኩ። አቅሙ የሚነገረው ቢቲዩ በተባለ የሙቀት መለኪያ ነው፤ 12,000 ቢቲዩ በሰዓት 3.5 ኪሎዋት ሙቀት ማለት ነው። ትክክለኛ ገጣሚ የመስኮቱን ብዛት፣ የግድግዳውን የሙቀት መከላከያና የጣሪያውን ሁኔታ አይቶ ያሰላል፤ ስፋቱን ብቻ ጠይቆ «24,000 አድርገው» የሚል ሰው ለደንበኛው አላሰበም። ከመጠን ያለፈ ማሽን ቶሎ ቶሎ ይበራል፣ ይጠፋል፤ በዚያም የሚጠበቅበትን ቁጠባ ያጣል። ከአንድ የውጪ ማሽን አራት አምስት የውስጥ ማሽን የሚያንጠለጥለው ሥርዓት ላይ ይኸው ችግር ይብሳል። ሌሊት አንድ ትንሽ መኝታ ክፍል ብቻ ሙቀት ሲጠይቅ፣ ትልቁ ኮምፕሬሰር ፍጥነቱን የቱንም ያህል ቢቀንስ ለዚያ ክፍል ይበዛል። ቦታው ከፈቀደ አንድ ለአንድ ይሻላል።

ቀጥሎ ቦታው። የውስጡ ማሽን አየሩን ሳሎኑን ሁሉ አቋርጦ እንዲነፋ ረዘም ባለው አቅጣጫ ቢታይ ጥሩ ነው። የተዘጋ በር ግን አያልፍም፤ ልጆቹ በራቸውን ዘግተው የሚተኙ ከሆነ የሳሎኑ ማሽን ለእነሱ የለም ማለት ነው። ከአልጋ ራስጌ በላይ መስቀልም ጥሩ አይደለም። በውጪ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ቀዳዳው እዚያው ከጀርባው ይበሳል፣ ቧንቧው ያጥራል፣ ወጪውም ይቀንሳል።

ቀዳዳው ወደ ደጅ ጥቂት ማዘንበል አለበት። ማሽኑ ሲያቀዘቅዝ ከአየሩ የሚወጣው ውሃ የሚወርደው በራሱ ክብደት ነውና፣ ቱቦው አንድ ቦታ ሽቅብ ካለ ውሃው ተመልሶ በግድግዳው ቀለም ላይ ይፈሳል። ክፍተቱም በደንብ ካልተደፈነ አይጥና ተርብ ይገቡበታል። ከ1978 በፊት በተሠራ ቤት ግድግዳ ሲበሳ የእርሳስ ቀለም ሊኖር ስለሚችል አቧራው እንደ ዋዛ አይጠረግም።

ከሁሉ የሚጠነቀቁበት የቧንቧው ግጥሚያ ነው። የመዳቡ ጫፍ በመሣሪያ እንደ መለከት አፍ ይከፈትና በነት ይታሰራል። ከላላ ጋዝ ያፈሳል፤ ከጠበቀ መዳቡ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ጠንቃቃ ሰው የጥብቀቱን ልክ በሚያሳይ የቶርክ ቁልፍ ያስረዋል። ከዚያ ናይትሮጅን ሞልቶ ግፊቱ እንዳይወርድ ይጠብቃል፣ ቀጥሎ በቫኪዩም ፓምፕ አየሩንና እርጥበቱን ግፊቱ ከ500 ማይክሮን (እዚህ ላይ የቫኪዩም መለኪያ ነው) በታች እስኪወርድ ይመጠዋል። በቧንቧው የቀረ እርጥበት ከዘይቱ ጋር አሲድ ፈጥሮ ኮምፕሬሰሩን ቀስ በቀስ ይበላዋል። ይህ ሁሉ ጊዜ ይፈልጋል። ፓምፑን ለአሥር ደቂቃ አስጩሆ ቫልቭ የሚከፍት ገጣሚ ካጋጠመ፣ ጉዳቱ የሚታየው እሱ ከሄደ ከዓመታት በኋላ ነው።

የውጪው ማሽን መሬት ላይ አይጣልም፤ ከፍ ባለ መቆሚያ ላይ ይቀመጣል። በክረምት ውሃ ስለሚያንጠባጥብ ከመግቢያ ደረጃ በላይ ካደረጉት ደረጃው በረዶ ይሠራል። ከጎረቤት መኝታ ቤት መስኮት ማራቅም ያስፈልጋል። ኤሌክትሪኩ የራሱ የሆነ የ240 ቮልት መስመርና በአጠገቡ የመብራት መቁረጫ ማብሪያ ማጥፊያ ይጠይቃል፤ ሲያትል ውስጥ ለዚህ ከከተማው ፈቃድ ይወጣል። ደስ የሚለው፣ ቤዝቦርድን የሚተካ ሚኒ ስፕሊት ከቀድሞው ያነሰ መብራት ስለሚስብ የብሬከር ሳጥኑን መቀየር ብዙ ጊዜ ግድ አይሆንም።

በፌዴራል ሕግ ጋዙን የሚነካ ሰው የሴክሽን 608 ምስክር ወረቀት ሊኖረው ይገባል። ጋዙ ራሱም እየተለወጠ ነው። ለዓመታት የተሠራበት አር-410ኤ ወደ አየር ሲያመልጥ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ2,000 እጥፍ በላይ ያሞቃል። ከ2025 ጀምሮ አዲስ ለሚመረቱት የቤት ማሽኖች የዚህ ልክ ጣሪያው 700 እጥፍ ስለሆነ ገበያው ወደ አር-32 እና አር-454ቢ ዞሯል። ሁለቱም በመጠኑ ተቀጣጣይ ናቸው፤ የድሮው ጋዝ በነበረበት ማሽን ውስጥ አይሞሉም።

ዋጋው ለአንድ ማሽን ከነመግጠሚያው ብዙ ጊዜ ከ5,000 ዶላር ያልፋል። እስከ 2,000 ዶላር ይመልስ የነበረው የፌዴራል የግብር ቅናሽ በ2025 መጨረሻ አብቅቷል። ከመብራት ድርጅቱ የሚገኘው ድጎማ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ውል ከመፈረም በፊት መጠየቅ ይገባል።

ከተገጠመ በኋላ ሰው የሚሳሳተው በልማድ ነው። ቤዝቦርድ የለመደ ሰው ሲወጣ ያጠፋል፣ ሲገባ ይከፍታል። ሂት ፓምፕ ግን አንድ ልክ ላይ ተትቶ ቀስ ብሎ ሲሠራ ነው የሚቆጥበው። እዚያው ክፍል የቀረውን ቤዝቦርድ 60 ፋራናይት ገደማ ላይ ማውረድ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ውዱ ሂተር ርካሹን ቀድሞ ይሠራል። በብርድ ቀን ማሽኑ ድንገት ሙቀት አቁሞ ደጅ ያለው አካሉ ሲጨስ ቢታይ እሳት አይደለም፤ የያዘውን ውርጭ እያቀለጠ ነው፣ ጭሱም እንፋሎት ነው። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ይመለሳል።

ሌላው መረሳት የሌለበት ነገር ማሽኑ የቤቱን አየር እዚያው እያዞረ እንጂ ከደጅ ንጹሕ አየር የማያስገባ መሆኑ ነው። የሽንኩርት ቁሌት፣ የቂቤ ተን፣ የእጣን ጭስ ሁሉ በፊልተሩ በኩል ያልፋል። ቡና በየቀኑ እጣን ተጨሶ በሚፈላበት ቤት ፊልተሩ ቶሎ ስለሚደፈን ወር ሳይሞላው አውጥቶ በለብ ያለ ውሃ ማጠብ፣ በጥላ ማድረቅ፣ ረከቦቱንም ከማሽኑ ሥር ማራቅ ይሻላል።