«17 ሰዓት አለመተኛት እንደ መጠጣት ነው» ሲባል ምን ማለት ነው?

«17 ሰዓት ሳይተኙ መቆየት በደም ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንደመኖር ነው» የሚለው አነጋገር ብዙዎችን ያደናግራል። መነሻው አውስትራሊያ ውስጥ ተካሂዶ ውጤቱ በ1997 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ሲሆን፣ 40 ሰዎች አንድ ጊዜ እንቅልፍ አጥተው፣ ሌላ ጊዜ አልኮል ጠጥተው፣ በኮምፒውተር ላይ የሚንቀሳቀስን ምልክት በእጃቸው እየተከታተሉ ቅልጥፍናቸው ተነጻጽሯል። እኩል የሆነው እንግዲህ የዓይንና የእጅ ቅንጅት መዳከም እንጂ የደም ይዘት አይደለም፤ ስለዚህም እንቅልፍ ያጣን ሰው የትንፋሽ መመርመሪያ አይዘውም፤ እኔን አጥብቆ የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። ከጧቱ 12 ሰዓት ተነሥቶ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ መሪ የጨበጠ ሹፌር 17 ሰዓቱን ሞልቷል። ሳይተኛ 24 ሰዓት ከደፈነ ደግሞ ንጽጽሩ ወደ 0.10 በመቶ ይደርሳል።